ብዙ አዘጋጅቶ ጥቂት መናገር፦ በቴሌቪዥን ስፖርት ኮሜንታተርነት ለመዝለቅ

ወደ ስፖርት ኮሜንታተርነት መግባት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው እንዴት እንደሚጀመር ነው። ይህ ጽሑፍ አጀማመሩንም ይነካል፤ ይበልጥ የሚያተኩረው ግን በመዝለቁ ላይ ነው፤ ማይክሮፎን የጨበጠ ሁሉ ሠላሳና አርባ ዓመት ሲጨብጠው አይታይምና። እንግሊዛዊው ጆን ሞትሰን እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2018 በቢቢሲ ለ50 ዓመታት ሠርቷል። ስኮትላንዳዊው ቢል ማክላረን ከ1953 እስከ 2002 ድረስ የራግቢ ጨዋታዎችን አስተላልፏል። አሜሪካዊው ቪን ስካሊ ደግሞ የዶጀርስን የቤዝቦል ጨዋታዎች ከ1950 ጀምሮ ለ67 የውድድር ዘመናት ሲያስተላልፍ ኖሯል። የእነዚህ ሰዎች ድምፅ፣ ጠባይና የአነጋገር ስልት ፈጽሞ አይገናኝም። የሚገናኙት በአንድ ነገር ነው፤ ወደ ማስተላለፊያው ክፍል ይዘውት የሚገቡት ዝግጅት አየር ላይ ከሚናገሩት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ምክሮች በአብዛኛው ከዚህ የሚነሱ ናቸው።

ተመልካቹ ያየውን አይንገሩት

በቅድሚያ የቴሌቪዥን ሥራ ከሬዲዮ ሥራ በምን እንደሚለይ በሚገባ መገንዘብ ያስፈልጋል። ቢቢሲ ጃንዋሪ 22 ቀን 1927 አርሰናል ከሼፊልድ ዩናይትድ ያደረጉትን ጨዋታ በሬዲዮ በቀጥታ ሲያስተላልፍ፣ አድማጩ ኳሱ የት እንዳለ እንዲከታተል በሚል ሜዳው በቁጥር በተለዩ 8 ክፍሎች ተከፍሎ የሚያሳይ ሥዕል በጣቢያው መጽሔት ላይ ታትሞ ነበር። የሬዲዮ አስተላላፊ ዋና ጭንቀት ይኸው ነው፤ ኳሱ ያለበትን፣ ሜዳውን፣ ውጤቱንና የቀረውን ደቂቃ ሳይታክት መናገር አለበት፤ እሱ ዝም ካለ ጨዋታው የለም። የቴሌቪዥን ተመልካች ግን ኳሱን ያያል፣ ውጤቱንና ሰዓቱንም በመስኮቱ ጥግ ያነባል። ስለዚህ «ኳሱን ወደ ግራ አሳለፈ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለእሱ ምንም አይጨምርለትም።

ታዲያ ምን ይቀራል ቢሉ፣ ሦስት ነገር ይቀራል። የመጀመሪያው ኳሱን የያዘው ማን እንደሆነ ነው፤ ከሩቅ በሚቀርጽ ካሜራ ፊት ስለማይለይ ስሙን ከእርስዎ ይጠብቃል። ሁለተኛው የሚታየው ነገር ትርጉም ነው፦ አንድ ቡድን በተደጋጋሚ በአንድ መስመር የሚያጠቃው በዚያ በኩል ያለው ተከላካይ ቢጫ ካርድ ስላየ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ተመልካቹ እያየው ላያስተውለው ይችላል። ሦስተኛው ካሜራው ያላሳየው ነው፦ አሰልጣኙ ተጠባባቂዎቹን ማሟሟቅ አስጀምሯል፣ ግብ ጠባቂው ከመጨረሻው ግጭት በኋላ እያነከሰ ነው፣ ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጧል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ያልሆነ ዓረፍተ ነገር ከአፍዎ ሊወጣ ሲል ቢያስቀሩት ማንም አይጎዳም።

አጀማመር

ለዚህ ሙያ አንድ ወጥ መግቢያ በር የለም። ከጋዜጠኝነት ትምህርት የመጡ አሉ፣ ከተጫዋችነት የመጡ አሉ፣ ከሬዲዮ ተሻግረው የቀሩም አሉ። የአውስትራሊያ የክሪኬት ቡድን አምበል የነበረው ሪቺ ቤኖ ጫማውን የሰቀለው በ1964 ሲሆን የቢቢሲን የቴሌቪዥን ሥልጠና የወሰደው ግን ገና በመጫወት ላይ ሳለ በ1956 ነው። ከዚህ መማር የሚገባው ታዋቂ ተጫዋች መሆን ብቻውን ኮሜንታተር እንደማያደርግ ነው።

እስኪቀጠሩ መጠበቅ አያስፈልግም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍተው አንድ ግማሽ ጨዋታ ያስተላልፉ፣ በስልክዎ ይቅረጹት፣ ከዚያም በማግስቱ ያዳምጡት። በዕለቱ ማዳመጥ ብዙም አይጠቅምም፤ ሊሉ ያሰቡትና ያሉት ገና ስላልተለያዩ ጆሮዎ ያዳላልዎታል። በመጀመሪያው ማዳመጥ የተሳሳቱ ስሞችን ብቻ ይቁጠሩ። በሁለተኛው ደግሞ ልማድ የሆኑብዎትን ቃላት ይመዝግቡ፤ «እንግዲህ»፣ «በነገራችን ላይ»፣ «እጅግ በጣም ድንቅ» የሚሉት ያለ ፈቃድዎ ስንት ጊዜ እንደገቡ ሲያዩ ይገረማሉ። ሁሉም ነገር «ድንቅ» ከተባለ እውነተኛው ድንቅ ሲመጣ የሚጠራበት ቃል አይተርፍም። በሦስተኛው ምስሉንና ድምፅዎን አንድ ላይ አድርገው፣ የእርስዎ ንግግር ባይኖር ተመልካቹ የሚያጣው ነገር የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

በወጣቶችና በታችኛው ሊግ ጨዋታዎች መሥራትን አይናቁ። በእነዚህ ጨዋታዎች ላይ የተጻፈ መረጃ ስለማይገኝ ጠይቆ ማግኘትን ያስተምራሉ፤ የሚሠሩት ስህተትም በጥቂት ሰው ፊት ይታረማል። ሞትሰን ስሙ የገነነው በፌብሩዋሪ 1972 ትንሹ ሄሪፎርድ ኒውካስልን በኤፍ ኤ ካፕ ሲያሸንፍ ባስተላለፈው ጨዋታ ነው። ያ ጨዋታ በምሽቱ ፕሮግራም በአጭሩ ታይቶ ያልፋል ተብሎ የታሰበ ነበር፤ እሱ ግን ለትልቅ ጨዋታ የሚገባውን ዝግጅት ይዞ ነበር የሄደው።

የዝግጅት ወረቀት

ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሥራ ይህ ነው። ማክላረን በልዩ ልዩ ቀለም በእጁ በተጻፉ ትልልቅ ወረቀቶቹ ይታወቅ ነበር፤ ዛሬም ኮምፒውተር በእጁ እያለ በእጅ መጻፍን የሚመርጥ ኮሜንታተር ብዙ ነው። ምክንያቱ ናፍቆት አይደለም። በእጅ የተጻፈ ነገር ሲጻፍ ይጠናል፤ ተገልብጦ የተለጠፈ መረጃ ግን ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል እንጂ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሁለት ገጽ የሚታጠፍ ጠንከር ያለ ትልቅ ወረቀት ይውሰዱ። በግራው ገጽ አንደኛውን ቡድን በቀኙ ሌላውን፣ ተጫዋቾቹ ይሰለፋሉ ብለው በሚገምቱት አሰላለፍ ያስቀምጡ፤ ግብ ጠባቂው ከታች፣ አጥቂው ከላይ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሣጥን ይስሩለትና የማሊያ ቁጥሩንና ስሙን ከሩቅ በሚነበብ ጽሕፈት፣ ዕድሜውን፣ የቀድሞ ክለቡን፣ በውድድር ዘመኑ ያስቆጠረውንና ያመቻቸውን፣ የካርድ ሁኔታውን በትንሹ ይጻፉ። በሣጥኑ ግርጌ በሌላ ቀለም ስለ ሰውየው አንድ ነገር ብቻ ያስፍሩ፤ ከረጅም ጉዳት የተመለሰ መሆኑን፣ ወንድሙ በተቃራኒው ቡድን መኖሩን፣ ከዚህ ክለብ በልጅነቱ ተሰናብቶ እንደነበር። ተጠባባቂዎቹን ከሥር፣ ዳኞቹን ከዳር፣ የሁለቱን ቡድኖች የቅርብ ጊዜ ግንኙነት በመካከል ያድርጉ። ወረቀቱን በሚጽፉበት ጊዜ የሚመራዎት አንድ ጥያቄ ይሁን፦ ይህ ሰው አሁን ግብ ቢያስቆጥር ከስሙ ቀጥሎ የምናገረው አንድ ነገር ምንድን ነው?

ከተጻፈው አብዛኛው አይነገርም፤ መነገርም የለበትም። ጀማሪ ኮሜንታተር የደከመበት መረጃ ሳይነገር እንዳይቀርበት ስለሚሳሳ ጨዋታው እየተፋፋመ ሳለ የአንድ ተከላካይን የሕይወት ታሪክ ይተርካል። ነባሩ ግን መረጃው የሚፈለግበት ቅጽበት ካልመጣ ወረቀቱን አጥፎ ይሄዳል። ይህን ማድረግ መቻል ከሙያው ጥበቦች ሁሉ ከባዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቁጥርን በሚመለከት፣ ከአንድ ምንጭ ብቻ የተገኘ አኃዝ በአየር ላይ አይሂድ። የሚነገርም ከሆነ ከትርጉሙ ጋር ይነገር። «በ12 ጨዋታ 4 ግብ» ማለት ብቻውን ባዶ ነው፤ አራቱም ተቀይሮ ከገባ በኋላ የተቆጠሩ ከሆኑ ግን አሰልጣኙ ለምን ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንዳስቀመጠው ያስረዳል።

ስሞችን ከራሱ ከተጫዋቹ ወይም ከቡድኑ የሚዲያ ባልደረባ ጠይቀው ያረጋግጡ፤ የሌላ ጣቢያ ኮሜንታተር የጠራበትን መንገድ መከተል የሌላውን ስህተት መውረስ ሊሆን ይችላል። የሰሙትን ወዲያው በፊደል ይጻፉት፤ ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ በሚጠብቀው ሆሄ አናት ላይ ነጥብ ማድረግን ልማድ ያድርጉ።

ተጫዋቾችን በቁጥራቸው ብቻ ለመለየት አይመኩ። ፊቱን ወደ እርስዎ ያዞረ ተጫዋች የጀርባ ቁጥሩ አይታይም፤ ዝናብና ጭቃም ቁጥርን ይሸፍናል። ስለዚህ አረማመዱን፣ የጸጉሩን ሁኔታ፣ የጫማውን ቀለም፣ የሚመርጠውን እግር፣ እጅጌውን እንደሚሰበስብና እንደማይሰበስብ ይያዙ። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ከጨዋታው በፊት ያለው የማሟሟቂያ ጊዜ ነው። አሰላለፉ ይፋ ከሆነ በኋላ ሜዳው አጠገብ ቆመው የእያንዳንዱን ስም በሹክሹክታ ይጥሩ፤ ሁለት ተጫዋቾች ከተመሳሰሉብዎት የሚለያቸውን ምልክት እዚያው በወረቀትዎ ላይ ይጻፉ።

የግቡ ቅጽበት

ተመልካች ለዓመታት የሚያስታውሰው ከዘጠናው ደቂቃ ጥቂት ሰከንዶችን ነውና እነሱን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ኳሱ ከግቡ መስመር ሲያልፍ ዓይንዎ ሦስት ቦታ ይሂድ፦ ኳሱ ላይ፣ ከዚያ ረዳት ዳኛው ላይ፣ ከዚያ ዋናው ዳኛ ላይ። የረዳት ዳኛው ባንዲራ ተነሥቶ ሳለ በደስታ የሚጮህ ኮሜንታተር ለተመልካቹ ሐሰት ተናገረ ማለት ነው። የቪዲዮ ረዳት ዳኛ በ2018 በጨዋታው ሕግ ውስጥ ከተካተተ ወዲህ ይህ ጥንቃቄ በእጥፍ ጨምሯል፤ ሆኖም ግቡ ይሰረዛል በሚል ፍርሃት ድምፅን ማቀዝቀዝም አይገባም። የታየውን በሙሉ ድምፅ ይናገሩ፤ ምርመራ ከመጣም ምርመራው ስለምን እንደሆነ ያስረዱ።

ያስቆጠረውን ካወቁ ስሙን ይጥሩ። ካላወቁ አይገምቱ፤ የቡድኑን ስም ይጥሩና በድጋሚ ምስሉ ያረጋግጡ። ከማዕዘን ምት በተፈጠረ ግርግር ኳስ ተከላካይን ነክቶ የገባ ሊሆን ስለሚችል፣ ሦስት ሰከንድ መዘግየት የማይገባውን ሰው ከማሞገስ ይሻላል። ከስሙ ቀጥሎ ውጤቱን፣ አስፈላጊ ከሆነም የግቡን ትርጉም በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይናገሩና ዝም ይበሉ። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ደጋፊው ነው፤ ድጋሚ ምስሉ ሲመጣም ቃሉ የተንታኙ ነው።

ለታላቅ ቀን አስቀድሞ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ይዞ መግባትን አልመክርም። ተመልካች የተዘጋጀ ንግግርን ከድምፁ ይለየዋል። የቢቢሲው ኮሜንታተር ኬኔት ዎልስተንሆልም በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ መጨረሻ ላይ የተናገረው («ያለቀ መስሏቸዋል፤ አሁን አለቀ») እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው፣ ሰዎች ወደ ሜዳው መግባታቸውን አይቶ ያንኑ በመናገር ላይ ሳለ የእንግሊዙ አጥቂ ጄፍ ኸርስት የመጨረሻውን ግብ ስላስቆጠረ ነው። ዓይኑ ሜዳው ላይ ባይሆን ኖሮ ያ ንግግር አይገኝም ነበር።

ስለ ዝምታ ደግሞ ኤፕሪል 8 ቀን 1974ን ማስታወስ ይበቃል። የቤዝቦል ተጫዋቹ ሃንክ አሮን የቤብ ሩትን የ714 ሆምራን (መቺው ሁሉንም ማዕዘኖች ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት) ክብረ ወሰን በ715ኛው ሲሰብር፣ ስካሊ የሆነውን ከነገረ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብሎ ለሕዝቡ ጩኸት ቦታ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ሲናገር ደግሞ ስለ ቁጥሩ ሳይሆን አንድ ጥቁር ተጫዋች በአሜሪካ ደቡብ እንዲህ ቆመው ሲያጨበጭቡለት ስለ መታየቱ ትርጉም ተናገረ። መናገር ያለበትን የለየው በዝምታው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

በሩጫ ውድድር ይኸው ጥንቃቄ ሌላ መልክ ይይዛል። የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ 25 ዙር ስለሆነ አብዛኛው ጊዜ ምንም የማይሆን ይመስላል፤ አስቀድሞ የሚዘጋጅ ኮሜንታተር ግን ዙሮቹን በሰዓት ይከታተላል። እያንዳንዱ ዙር 65 ሰከንድ ቢፈጅ ውድድሩ በ27 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ እንደሚያልቅ አስቀድሞ አስልቶ የያዘ ሰው፣ የአንድ ዙር መፍጠን ወይም መዝገም ምን እንደሚያስከትል ወዲያው ይናገራል። በመጨረሻው መቶ ሜትር ደግሞ ምላስን መግታት ይገባል። በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ሲያሸንፍ ፖል ቴርጋት የገባው በ18.29 ነበር። በመካከላቸው የነበረው 0.09 ሰከንድ በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ ከነበራቸው ልዩነት ያነሰ ነው። ቴርጋት ወደ መጨረሻው ቀጥታ መስመር ሲገባ እየመራ ስለነበር፣ እሱን ከመስመሩ በፊት አሸናፊ ብሎ ያወጀ ሁሉ በዚያ ቀን ይሳሳት ነበር።

በማስተላለፊያው ክፍል ውስጥ

ከዋናው ኮሜንታተር ጎን አብዛኛውን ጊዜ ተንታኝ ይቀመጣል። የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ይሁን፦ ኳስ በእንቅስቃሴ ላይ ሲሆን የዋናው፣ ጨዋታ ሲቆምና ድጋሚ ምስል ሲመጣ የተንታኙ። ተንታኙ በመናገር ላይ ሳለ አደገኛ ሙከራ ከመጣ እጅዎን በማንሣት ወይም ክንዱን በመንካት ያስቁሙት፤ ይህን ምልክት ከጨዋታው በፊት ይስማሙበት። ለተንታኙ የሚቀርብ ጥያቄ «ለምን» እና «እንዴት» የሚል ይሁን፤ «ጥሩ ግብ ነው አይደል?» የሚል ጥያቄ መልሱን ይዞ ስለሚመጣ እውቀቱን አያወጣም።

በጆሮዎ ማዳመጫ የፕሮዲውሰሩ ድምፅ እርስዎ እየተናገሩ ሳለ ይመጣል፤ ቀጣዩን ድጋሚ ምስል ይነግርዎታል፣ ወደ ማስታወቂያ የቀረውን ሰከንድ ይቆጥርልዎታል። ንግግርን ሳያቋርጡ ሌላ ንግግር መስማት ልምምድ ይጠይቃልና ቤትዎ ሆነው ሬዲዮ በአንድ ጆሮ እያዳመጡ ሌላ ነገር በቃል ማስተላለፍን ይለማመዱ። በርካታ ስታዲየሞች ውስጥ የላይኛውን ከንፈር አስደግፈው የሚናገሩበት ማይክሮፎን ያገኛሉ፤ የሕዝቡን ጩኸት የሚቀንሰው ለአፍ በጣም ቀርቦ፣ ርቀቱም ሳይለወጥ ስለሚያዝ ነው፤ ስለዚህ በደስታ ጊዜም ከከንፈርዎ አያርቁት። ማሳል ሲያስፈልግዎ ድምፅዎን ለአፍታ የሚዘጋው ቁልፍ የት እንዳለ ቀድመው ይወቁ።

ዓይንዎን ሜዳው ላይ ቢያደርጉም የሚናገሩት በሞኒተሩ ላይ ስላለው ምስል መሆን አለበት። መስኮቱ የአሰልጣኙን ፊት እያሳየ ስለ ሌላ ነገር መናገር ተመልካቹን ያደናግራል። ብዙ ጨዋታ ዛሬ ከስታዲየሙ ርቆ በሚገኝ ስቱዲዮ ውስጥ ከሞኒተር ብቻ ይተላለፋል። በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ ካሜራው ያላሳየውን አይተው እንደነበር ማስመሰል አይገባም፤ ተመልካች ይህን ያወቀ ዕለት ሌላውንም ንግግርዎን ይጠራጠራል።

አደጋ ሲደርስ

ጁን 12 ቀን 2021 በኮፐንሃገን ዴንማርክ ከፊንላንድ ስትጫወት ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ልቡ ቆማ እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው። ሕይወቱ ተርፎ ወደ ጨዋታ ተመልሷል። እንዲህ ያለ ነገር በማንኛውም ኮሜንታተር የሥራ ዘመን ሊያጋጥም ስለሚችል ምን እንደሚሉ አስቀድመው ያስቡ። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። የሚታየውን ብቻ ይናገሩ፦ ተጫዋቹ ወድቋል፣ ሐኪሞች ደርሰዋል፣ ዳኛው ጨዋታውን አስቁመዋል። የሕመሙን ዓይነት አይገምቱ፣ ስለ ውጤቱና ስለ ቅያሪ አያንሱ፣ ቤተሰቡ እያዳመጠዎት እንደሆነ አድርገው ይናገሩ። ይፋዊ መግለጫ እስኪመጣ ድረስ አንድን ነገር ደጋግሞ ከማለት ረጅም ዝምታ ይሻላል፤ ወደ ስቱዲዮ ይተላለፍ ከተባለም በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረክቡ።

ለዓመታት መቆየት

ተመልካች ኮሜንታተርን የሚተወው በስህተቱ አይደለም፤ ስህተቱን ሲሸፋፍን ነው። ስም ካሳሳቱ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ያርሙና ይለፉ። የሚደግፉት ቡድን ቢኖር እንኳ ለሁለቱም ወገን ደጋፊ እኩል እንደሚናገሩ አይዘንጉ። የራስን ብሔራዊ ቡድን በግልጽ መደገፍ ነውር የለውም፤ ተጋጣሚን ማንኳሰስ ግን ነውር ነው። ዳኛን ከመውቀስዎ በፊት ሕጉን ያንብቡ፤ ከተቻለ የዳኝነት ኮርስ ይውሰዱ። የእግር ኳስ ሕግ ማሻሻያዎች በየዓመቱ ከጁላይ 1 ጀምሮ በሥራ ላይ ስለሚውሉ ከውድድር ዘመኑ በፊት ማጥናት የግድ ነው።

ድምፅ የሥራ መሣሪያ ነውና ጥበቃ ይፈልጋል። ከጨዋታው በፊት ድምፅዎን ያሟሙቁ፣ ውኃ በየመካከሉ ይጎንጩ፣ ጉሮሮን በኃይል ከመጥረግ ይቆጠቡ። ድምፅ ሲሻክር በሹክሹክታ መናገር ማሳረፍ ስላልሆነ ፈጽሞ ዝም ይበሉ፤ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ መሻከር ለሐኪም መታየት አለበት። ከፍተኛውን ድምፅዎን በአሥረኛው ደቂቃ ሙከራ ላይ ካዋሉት ለዘጠናኛው ደቂቃ ግብ የሚተርፍ አይኖርም።

አንድ ስፖርት ብቻ ማወቅ ሥራን ያጠባል። ሁለተኛና ሦስተኛ ስፖርት ይጨምሩ፤ የሴቶች ውድድሮችንም በተመሳሳይ ጥልቀት ያጥኑ። ሙያው ራሱም ለሴቶች የተከፈተው ዘግይቶ ነው፤ በቢቢሲው ታዋቂ የእግር ኳስ ፕሮግራም ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ኮሜንታተር የሆነችው ጃኪ ኦትሊ ጨዋታ ያስተላለፈችው በ2007 ነው። ወደ ሥራው የምትመጣ ባልደረባ ካለች ማስታወሻዎን ያካፍሏት።

ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚቸግረው ድምፅ ሳይሆን ዓይን ነው። ዓይንዎን በየዓመቱ ያስመርምሩ፣ ጥሩ ባይኖኩላር ይያዙ፣ ከሞኒተሩ ጋር ይስማሙ። ስካሊ የመጨረሻውን ጨዋታ በ2016 ሲያስተላልፍ የ88 ዓመት አዛውንት ነበር፤ ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ከቡድኑ ጋር የሚያደርገውን ጉዞ ቀንሶ ነበር። የጨዋታን ቁጥር መቀነስ ከጣቢያው ጋር አስቀድሞ ሊነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ያልያዟቸውን ጨዋታዎች ለወጣት ኮሜንታተሮች እንዲሰጡ ይጠይቁ፤ ቅጂያቸውንም በማግስቱ አብረው ያዳምጡ፤ በመጀመሪያ ስሞቹን፣ ቀጥሎ ልማድ የሆኑትን ቃላት፣ ከዚያም ምስሉን ከድምፁ ጋር።